ለክፉ ቀን ምን ልግዛ ለምትሉ የባሕር ዳር ሰዎች፦ የባትሪ፣ የፓወር ባንክ፣ የሶላርና የራዲዮ ጥቆማ

ክረምት ሲገባ ጥያቄው ይበዛል። የትኛው የእጅ ባትሪ ይሻላል? ሶላሩ ያዋጣል ወይስ ፓወር ባንኩ? ትንሿን ጄኔሬተር ብገዛስ? የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ነው፤ በ2002 የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ግን የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወይም ምሰሶ ከወደቀ ጎረቤታችሁ ያለው ማመንጫ ቤታችሁን አያበራም። ስለዚህ ጥያቄው ልክ ነው። እኔ የምለው ከዕቃው በፊት ሌላ ጥያቄ ይቅደም ነው፦ ዕቃው የሚበላው ምንድን ነው? ድንጋይ ነው? ቻርጅ ነው? ቤንዚን ነው? በየቤታችን የጠፋው ዕቃ አይደለም። አንዱ ትንሹን ድንጋይ፣ ሌላው ትልቁን፣ ሦስተኛው ከአንድ ቤት በቀር የማይገኝ ቻርጀር የሚፈልግ ዕቃ ሰብስበን፣ መብራት በጠፋ በሁለተኛው ቀን ሁሉም አንድ ላይ ይራቡብናል።

ይህን ነገር በደንብ ያሰቡበት የመሣሪያ ሰዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለክፉ ቀን እንዘጋጃለን የሚሉ ሰዎች የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ካርባይን፣ ማለትም አጭር ጠመንጃ፣ የሚመርጡበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ሽጉጡም ካርባይኑም ያንኑ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ስለሚበሉ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው የሩገር ካርባይን ጭራሽ የግሎክ ሽጉጥን ካዝና እንዲቀበል ሆኖ ነው የተሠራው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የ1873ቱ ዊንቸስተር ጠመንጃ የሚጎርሰውን ጥይት ኮልት ከጥቂት ዓመት በኋላ ሽጉጥ አወጣለት፤ ሰውዬው አንድ ዝናር ታጥቆ ሁለቱንም ይመግባል። መሣሪያ እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ስለሆነ ስለ እሱ ጥቆማ አልሰጥም፤ አትጠይቁኝም። ዝናሩን ግን፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ነገር ይብላ የሚለውን ሐሳብ፣ ወስጄዋለሁ።

ከድንጋይ ልጀምር። ቅዳሜ ገበያ ዙሪያ ሱቅ ገብታችሁ ድንጋይ ስትሉ ሻጩ "ትልቁ ነው ትንሹ?" ይላል፤ ሌላ የሚጠይቃችሁ ነገር የለም። እናንተ ግን አዙራችሁ ጎኑ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ትልቁ ላይ "አር20" ካለ ተራው የዚንክ ካርበን ድንጋይ ነው፤ ከፊቱ "ኤል" ተጨምሮ "ኤልአር20" ካለ አልካላይን ነው። ትንሹ ላይ ደግሞ "አር6" ወይም "ኤልአር6" ይላል። በእጅ ባትሪ ውስጥ አልካላይኑ ከተራው እጥፍና ከዚያ በላይ ይቆያል። በትልቁ የተጻፈው "ሄቪ ዲዩቲ" የሚል ነገር አይሸውዳችሁ፤ የተራው ድንጋይ ማዕረግ ነው። ራዲዮ በቀስታ ስለሚበላ ተራው ይበቃዋል፤ ለእሱ አልካላይን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ተራው ድንጋይ አንድ ክፉ ጸባይ አለው። ሲሠራ የሚበላው የራሱን የዚንክ ቆርቆሮ ነው፤ ሲያልቅ ቆርቆሮው ይሳሳና ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወጣል፤ ስፕሪንጉን ያዝገዋል። አልካላይኑም ቢሆን ቆይቶ ያፈስሳል። የማትጠቀሙበትን ባትሪ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ። ለትልቁና ለትንሹ ምርጫ ደግሞ፦ ቤታችሁ የቆየ ባለትልቁ ድንጋይ ራዲዮ ካለ በትልቁ ቀጥሉና ባትሪውንም ከእሱ ጋር አስማሙት። ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ትንሹን ያዙ፤ የግድግዳ ሰዓቱም፣ ትንሹ ራዲዮም፣ ኤልኢዲ ባትሪውም አብረው ይበላሉ፤ ደግሞ እየሞሉ የሚጠቀሙበት ዓይነትም አለው።

ሶኬት ላይ የሚሰካውን፣ ከጎኑ ሁለት እግር የሚወጣለትን ርካሽ የእጅ ባትሪ ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ አልጠቁመውም። አብዛኛው ውስጡ ያለው ትንሽ የሊድ አሲድ ባትሪ ነው፤ ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል። በየወሩ አስታውሳችሁ የምትሞሉት ከሆነ ደህና፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ረስታችሁት መብራት የጠፋ ቀን የምታወጡት ከሆነ ግን እንደ ክር ቀይ ብሎ ይጠፋባችኋል።

ፓወር ባንክ ላይ ቆም እንበል፤ በጣም የምንሸወደው እዚህ ላይ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ 50,000 ነው፤ ሳምንት ይዞዎት ይሄዳል" አለኝ አንዱ ወጣት ሻጭ። በእጄ ስይዘው ቀለለኝ። ጎን ያለው ቅመም ሻጭ ሚዛኑን እንዲያውሰን ጠይቀን ስናስቀምጠው ከሩብ ኪሎ ትንሽ ነው ያለፈው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው የተለመደው ክብ ሴል 45 ግራም ግድም ይመዝናል፤ ጥሩ የሚባለው ቢበዛ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ያ 50,000 የተባለውም የሚቆጠረው በዚሁ ነው። 20,000 ለመድረስ ስድስት ጥሩ ሴል ያስፈልጋል፤ ሴሉ ብቻ 270 ግራም ግድም ሆነ ማለት ነው። በጠፍጣፋ ሴል የተሠራውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እውነተኛ 20,000 ሽፋኑን ጨምሮ ከ300 ግራም በላይ ይመዝናል፤ በሩብ ኪሎ ውስጥ 50,000 የሚገባበት ዘዴ ገና አልተፈጠረም። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ እሱም የተጻፈለትን ነው የሚያነበው።

ሁለተኛው ነገር፣ 20,000 ቢሆንም 20,000 ስልካችሁ ውስጥ አይገባም። ቁጥሩ የሚቆጠረው በሴሎቹ 3.7 ቮልት ነው፤ የሚወጣው ግን በ5 ቮልት ነው። 20,000 ማለት 74 ዋት ሰዓት ነው። በመቀየሩ የሚባክነው ተቀንሶ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ ሦስት ጊዜ ያህል ይሞላል። ከጀርባው በደቃቁ "ሬትድ ካፓሲቲ" ብሎ 12,000 ምናምን የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፤ እንዲያውም እውነቱን የጻፈ ስለሆነ ያንን ግዙ። ጭራሽ ያልጻፈው ነው የሚያሳስበኝ። ዝናሩንም አትርሱ፤ የቤቱ ስልኮች ታይፕ ሲ ከሆኑ ፓወር ባንኩም፣ ፋኖሱም፣ የራስ ላይ ባትሪውም በታይፕ ሲ የሚሞላ ይሁን። ያቺ የድሮ ቀጭን ማይክሮ ኬብል አንዷ ከተበጠሰች ሙሉው ዕቃ ከጥቅም ውጪ ነው።

ጀርባው ላይ የመዳፍ ያህል ሶላር የተለጠፈበትን ፓወር ባንክ ተዉት። ያቺ ሶላር ከአንድ ዋት ብዙም አታልፍም፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲያስጡት ለመሙላት ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሴሎቹን ይጎዳል።

ፓኔሉ ለብቻው የሆነ ሶላር ፋኖስ ግን ምርጫዬ ነው። ዲ ላይትና ሰን ኪንግ አገራችን ውስጥ ለዓመታት የተሸጡ ናቸው፤ ስትገዙ ሞዴሉ ቬራሶል የሚባለውን፣ ቀድሞ ላይቲንግ ግሎባል ይባል የነበረውን የጥራት ፍተሻ ያለፈ መሆኑን ጠይቁ፤ ከሁለቱ ደግሞ ስልክ መሙያ ቀዳዳ ያለውን ሞዴል ምረጡ። ባለ 10 ዋት ፓኔል በጥቅምት ፀሐይ በቀን 35 ዋት ሰዓት ግድም ይሰጣል፤ አንድ ስልክ ሞልቶ ማታ ፋኖሱን ያበራል። በሐምሌ ደመና ግን ግማሹን ካገኛችሁ አመስግኑ። ለክረምት ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ከሚላችሁ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ፓኔል ግዙ።

አሰቃቀሉን በተመለከተ "ወደ ደቡብ አዙሩት" የሚለው ምክር ለእኛ ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ወደ ደቡብ አብዝታችሁ ካጋደላችሁት ፀሐይ በተወደደችበት ወራት ጀርባውን ታሳዩአታላችሁ። ጋደም አድርጉት፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ብቻ ትንሽ ዘንበል ይበል። ያለ ጣሪያ መሰላል በእጃችሁ የምትደርሱበት ቦታ ቢሆን ደግሞ መጥረጉ አይሰለቻችሁም።

ራዲዮ ይኑራችሁ። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የቴሌኮም ማማዎቹም የራሳቸው መጠባበቂያ ያልቅባቸዋል፤ ያኔ ስልካችሁ ቢሞላም ከድንጋይ አይሻልም። ኤፍኤም ብቻ ሳይሆን አጭር ሞገድም የሚይዝ፣ አንቴናው የማይወላለቅ፣ ከሁሉም በላይ ባትሪያችሁ የሚበላውን ድንጋይ የሚበላ። አብሮ የተሠራ መብራት፣ ሳይረን፣ ኮምፓስና ሙዚቃ ማጫወቻ ያለበትን ሁሉን ቻይ ዓይነት አልፈዋለሁ፤ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል። ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ማማ ሲፈልግ ውሎ ነው ባዶ የሚሆነው።

ጄኔሬተር? ሱቅ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚበላሽ ሸቀጥ ላለው ሰው እንጂ ለአንድ ቤተሰብ አልመክርም። ቤንዚን ሰልፍ ባለበት ከተማ፣ በችግር ቀን ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋውን ነገር የሚበላ ዕቃ ነው። ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ደግሞ ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆ የሚጠጡ ናቸው፤ ልኩ ከተሳሳተ ሞተሩ ይነክሳል። ካላችሁ ከቤት ውጪ፣ ከመስኮት ራቅ አድርጋችሁ። በ12 ቮልት የመኪና ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ኢንቨርተር የምታስቡም አላችሁ፤ 100 አምፔር ሰዓት የሚለውን ሊድ አሲድ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 600 ዋት ሰዓት ብቻ ነው ብላችሁ አስሉ።

ኩራዝና ሻማ መብራት ይሰጣሉ፤ ሳር ቤትና ልጆች ባሉበት ግን አልወዳቸውም። ከሰል በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ በዝናብ ቀን ምድጃውን በተዘጋ ክፍል አስገብቶ መተኛት በየዓመቱ ሰው ይገድላል። ጭሱ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ ከፍሙ ይወጣል።

ምግብም ላይ ያው ጥያቄ ይሠራል። ሽሮ እሳት ይበላል፤ ሩዝና ፓስታ እሳትም ብዙ ውሃም ይበላሉ። በሶ ግን የሚጠይቀው አንድ ኩባያ ውሃ ነው፤ ቆሎ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይጠይቅም። ድርቆሽም ቢሆን በቀዝቃዛ ውሃ ረጥቦ በበርበሬና በዘይት ይበላል። የታሸገ ምግብ ከመደርደራችሁ በፊት አምስት ኪሎ በሶ አስፈጩ። የገብሱ ቆዳ በደንብ ካልተፈተገ ጉሮሮ ይይዛል፤ ወፍጮ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እዩት። ለበሶውም ለድርቆሹም ውሃ ያስፈልጋልና ሁለት ሦስት ጀሪካን ሁሌም ሞልቶ ይቀመጥ፤ ቧንቧውም በፓምፕ ነው የሚሠራው፤ መብራት ሲጠፋ ተከትሎት ይጠፋል። የጣናን ውሃ ቀድቶ ለመጠጣት የሚያስብ ካለ ሳያፈላ ወይም ውሃ አጋር በሚባለው የክሎሪን ማከሚያ ሳያክም እንዳይሞክር፤ አጠቃቀሙን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ እኛ ባለንበት ከፍታ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለምትኖሩ ሦስት ደቂቃ ነው።

ውሃ ላይ የሚሆን ባትሪ ጠቁመን ብላችሁ ከዘጌና ከደቅ ለጻፋችሁልኝ፦ ለእናንተ ከብርሃኑ ብዛት በፊት "አይፒ" የሚለውን፣ ዕቃው አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚችል የሚናገረውን ቁጥር እዩ። አይፒ65 የሚለው የሚረጭ ውሃ ይችላል፤ ከታንኳ ወይም ከጀልባ ላይ ውሃ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ግን አይፒ67 ያስፈልጋችኋል፤ እሱ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት የተፈተነ ነው። እጅ ለመቅዘፊያ ስለሚፈለግ ግንባር ላይ የሚታሰረው ዓይነት ይሁን፤ የመሙያ ቀዳዳው የጎማ ክዳን ደግሞ የላላ እንዳይሆን ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ በጥፍራችሁ ከፍታችሁ ዝጉት።