«የጣፊያ ቺ ማነስ» በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ መግባቱ ተገቢ ነበርን?

የመነሻ ጥያቄ፦
የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ያጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ በ26ኛው ምዕራፉ ከጥንታዊው የቻይና ሕክምና የመጡ ስያሜዎችን ይዟል። ከእነዚህ አንዱ ቻይናውያን «ፒ ቺ ሹ» የሚሉት «የጣፊያ ቺ ማነስ» ሲሆን («ቺ» በዚያ ሕክምና አስተሳሰብ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ጉልበት ነው)፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትን፣ ከበሉ በኋላ መነፋትን፣ የሰገራ መላላትንና ድካምን ባንድነት ይጠራል። ለዚህ የሚታዘዘው የታወቀ መድኃኒት «ሲ ጁን ዚ ታንግ»፣ ማለትም የአራቱ ጨዋዎች ፍል፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በመንግሥቱ የመድኃኒት መጽሐፍ ተመዝግቦ የቆየ ነው። ስያሜው በመዝገቡ መግባቱ ትክክል ነበር ትላላችሁ?

የጤና መረጃ ባለሙያ፦
ትክክል ነበር እላለሁ። ምደባው የመቁጠሪያ መዝገብ እንጂ የምስክር ወረቀት አይደለም። በምሥራቅ እስያ እጅግ ብዙ ሰው በዚህ ስያሜ ይታከማል፤ ኮድ ከሌለው ማን ምን እንደወሰደ፣ ማን እንደተሻለውና ማን እንደተጎዳ በአኃዝ ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ምዕራፉ ለሕክምናው ሳይንሳዊ ትክክለኛነትም ሆነ ፈዋሽነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ገልጿል። ጉዳዩን ከዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ጋር ብቻ ለምታያይዙትም፣ የምዕራፉ ዝግጅት የተጀመረው ከርሳቸው በፊት ድርጅቱን በመሩት በማርጋሬት ቻን ዘመን መሆኑን ላስታውስ እወዳለሁ።

ፋርማሲስት፦
ወንድሜ፣ ስለ መቁጠር ያሉትን እቀበላለሁ፤ የሚቆጠረው ነገር ምንነቱ ካልታወቀ ግን ቁጥሩ ምን ይነግረናል? ብዙዎች በዚህ ክርክር የቤልጅየሙን አደጋ ያነሣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለማቅጠኛ በተሰጠ ክኒን ውስጥ አንዱ የቻይና ሥር በሌላ መርዛማ ሥር ተተክቶ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ሴቶች ኩላሊት ተጎድቷል። ያ የአራቱ ጨዋዎች በደል ስላልሆነ በማስረጃነት አላቀርበውም። የፍሉ አራት ቅመሞች የሆኑት ጂንሰንግ፣ ባይጁ የተባለው ሥር፣ በጥድ ሥር ላይ የሚያድገው ፉሊንግ የተባለ ፈንገስና በማር ተለውሶ የተጠበሰው ሊኮሪስ የተባለ ጣፋጭ ሥር ጠባያቸው ለስላሳ በመሆኑ ነው፣ በኮንፊሽየስ ትምህርት ጨዋ ሰው በሚጠራበት ቃል የተጠሩት። እንዲያም ሆኖ በሊኮሪስ ውስጥ ያለው ግላይሲሪዚን፣ በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም አሳንሶ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በተለይ እንደ ፉሮሴማይድ ያለ የሚያሸና መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ያሰጋል።

ዋናው ሥጋቴ ግን ከዕፁ ይልቅ ስያሜው ነው። የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ድካም የጨጓራ ካንሰር ምልክትም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ በሽታ ደግሞ በምሥራቅ እስያ ከአብዛኛው ዓለም ይልቅ በብዛት ይታያል። ሐኪም «ቺ አንሷል» ብሎ በዓለም አቀፍ ኮድ ሲጽፍለት፣ ሕመምተኛው በሽታዬ ታወቀ ብሎ ይሄዳል፤ ጨጓራን በካሜራ የሚያየው ምርመራ (ኢንዶስኮፒ) ይዘገያል።

ቤጂንግ የተማረ ሐኪም፦
ሥጋትዎን እጋራለሁ፤ ነገር ግን «ፒ»ን ጣፊያ ብሎ መተርጎሙ ራሱ አለመግባባት ፈጥሯል። የቻይና ሐኪሞች ቃሉን የተጠቀሙበት በግራ ጎን ላለው ብልት ብቻ ሳይሆን ምግብን ወደ ጉልበት ለሚለውጠው ሥራ በሙሉ ነው፤ እኛም «ቆሽቴ አረረ» ስንል ስለ ቆሽት በሽታ እየተናገርን አይደለም። ጃፓንን ደግሞ ይመልከቱ። በዚሁ ቀመር ላይ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭና ሌሎችም ተጨምረው የሚዘጋጀው «ሪኩንሺቶ» በብሔራዊው የጤና መድን ይሸፈናል፤ የሚያዝዘውም በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ነው፤ መጠኑ በፋብሪካ ይመጠናል፤ የሊኮሪሱ ጉዳትም በማስጠንቀቂያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር በተነጻጸረባቸው ጥናቶችም፣ ቁስል ሳይገኝባቸው ጨጓራቸው ለሚያስቸግራቸው ሰዎች መጠነኛ ጥቅም የታየበት አለ።

ፋርማሲስት፦
የጃፓኑ ምሳሌ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል። በእነዚያ ጥናቶች ሕመምተኞቹ የተመረጡት በዘመናዊው የምግብ አለመፈጨት መስፈርት ነው፤ ስለዚህ ዕፁ ተፈትኗል፣ «የቺ ማነስ» የሚለው ስያሜ ግን አልተፈተነም። የቆሽቱን አነጋገር በተመለከተም፣ ማንም ሰው በእርሱ መነሻነት መድኃኒት አያዝዝም። ሁለት ሐኪሞች አንድን ሕመምተኛ ለየብቻ ምላሱን አይተው፣ የደም ሥር ትርታውን ዳስሰው አንድ ስያሜ ላይ መድረሳቸው መጀመሪያ ይረጋገጥ።

የጤና መረጃ ባለሙያ፦
እርስዎ የሚሉትን ፈተና በሰፊው ለማካሄድ ሐኪሞቹ የሚጽፉት ስያሜ አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ ኮዱ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ምዕራፉ ከሌሎቹ ምዕራፎች ኮድ ጋር ተጣምሮ እንዲጻፍ የታሰበ ነው። ብቻውን ተጽፎ ከመጣ ግን ፋርማሲው መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት የሌላውን ምርመራ ውጤት እንዲጠይቅ ግዴታ ቢሆን እደግፋለሁ።

ፋርማሲስት፦
በግዴታው እስማማለሁ። ግዴታው ሳይደነገግ ስያሜው ቀድሞ በመዝገቡ መግባቱን ግን አሁንም እቃወማለሁ።