በ1 ነጥብ የሄደው ጨዋታ፦ ለስብሰባው ምን ይዘን እንቅረብ?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእሁዱ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ 58 ለ 57 አልቋል። ዳኛውን መርገም እስከ ሰኞ ማታ ተፈቅዶ ነበር፣ አሁን ይበቃል። ለማህበሩ ስብሰባ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። የነጥብ ወረቀቱን ደግሜ አየሁት፦ 19 ፍሪ ትሮ (ለጥፋት የሚሰጥ፣ አንድ ነጥብ የሚያስገኝ ነጻ ውርወራ) አግኝተን 10ሩን ስተናል። የተሸነፍነው በአንድ ነጥብ ነው!

ቁጥር 7፦ ከ10ሩ ሁለቱ የኔ ናቸው፣ ያውም 40 ሰከንድ ሲቀር። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ኳሷ በላብ ርሳ ከእጄ እንደ ሳሙና ነው የወጣችው። ልምምድ ላይ እኮ ብዙም አልስትም። ግን ልምምድ ላይ የምንወረውረው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ትንፋሻችን ሳይቆረጥ፣ እየሳቅን።

አሰልጣኙ፦ ልክ ነህ፣ ጥፋቱ ከልምምዱ ነው። ከዚህ በኋላ ሮጠን፣ ደክመን፣ ሁለት ሁለት እንወረውራለን። የሳተ እንደገና የሜዳው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። የፍሪ ትሮ መስመሩ ከቦርዱ ያለው ርቀት ያው 4.6 ሜትር ነው፣ የሚቀየረው ጉልበታችሁ ነው። ታዋቂው ሻኪል ኦኒል እንኳ በኤንቢኤ (በአሜሪካ ሊግ) ዘመኑ ከ100ው 53 ያህሉን ብቻ ነበር የሚያገባው፣ ግን እኛ ሻኪል የለንም።

ገንዘብ ያዡ፦ ረቂቁ ላይ «አዲስ ማልያ» የሚል አየሁ። ማልያ ፍሪ ትሮ አያገባም። ለኔ ይውጣ።

ቁጥር 4፦ የኔ እኮ ብብቱ ተቀዷል 😅

ገንዘብ ያዡ፦ መርፌና ክር አመጣልሃለሁ።

ጋሼ (የድሮ ተጫዋች)፦ ልጆች፣ እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። 9 ሰከንድ ሲቀር እነሱ አግብተው በአንድ መሩን። እኛ ኳሷን ከራሳችን ቅርጫት ሥር አንስተን ስንሮጥ መሀል ሜዳ ላይ ደወለ። በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ግን ታይም አውት (አጭር የጨዋታ ማቆሚያ) ከወሰዳችሁ ኳሷን ከተጋጣሚ ሜዳ በኩል ማስጀመር ትችላላችሁ። 28 ሜትር መሮጥ ምን አመጣው? ኮች፣ አትቀየመኝና ለምን አልጠየቅክም?

አሰልጣኙ፦ ጋሼ፣ አልቀየምም። ሁለት ታይም አውት በእጄ ነበር። ስጮህ ረሳሁት። ሌላም አለ፦ ለሁለተኛው አጋማሽ ሦስት ይሰጠናል፣ 2 ደቂቃ እስኪቀር አንዱንም ካልተጠቀምን አንዱ ይቃጠላል። የእሁዱም እንደዛ ነው የተቃጠለው።

ጋሼ፦ በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሌጆች ፍጻሜ የሚሺጋኑ ክሪስ ዌበር የሌለውን ታይም አውት ጠይቆ ቴክኒካል ፋውል (የሥነ ሥርዓት ጥፋት) ተሰጠበትና 77 ለ 71 ተሸነፉ። እኛ ደግሞ ያለንን ሳንጠይቅ ተሸነፍን። የትኛው እንደሚብስ እንጃ።

ቁጥር 12፦ ጉልበቴ እስኪድን ወንበር ላይ ነኝ። ደብተር ይዤ የሁለቱንም ቡድን ፋውልና ታይም አውት ልቁጠር። በሦስተኛው ሩብ እንደ ቡድን አምስተኛው ፋውል ላይ መድረሳችንን ማንም አላወቀም፣ ከዚያ ጀምሮ በየጥፋቱ ሁለት ሁለት ፍሪ ትሮ ሰጠናቸው።

ጸሐፊዋ፦ በቃ ይህን ጻፍኩ፦ «ማህበሩ ለ2 ወር በሳምንት አንድ ተጨማሪ ልምምድ ይፍቀድ። ልምምዱ በድካም ላይ ፍሪ ትሮና የመጨረሻ 2 ደቂቃ ጨዋታን ብቻ ይይዛል። ወንበር ላይ ቆጣሪ ይመደብ።» ማልያ ወጥቷል።

ቁጥር 4፦ ሪባውንድስ (ተስቶ የተመለሰን ኳስ መያዝ)? ሁለተኛ ዕድል ስንት ጊዜ ነው የሰጠናቸው!

አሰልጣኙ፦ እሱን በመደበኛው ልምምድ እይዘዋለሁ። ሁሉንም ከጻፍን አንዱም አይሠራም።

ገንዘብ ያዡ፦ ወጪው የሜዳ መብራት ብቻ ከሆነ እደግፋለሁ። ግን ማታ ከዘበኛው ቁልፍ ማን ይቀበላል?

ቁጥር 7፦ እኔ። ቀድሜ ገብቼም እወረውራለሁ።