የቀደምት እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችን የዘር ሐረግ እንዴት እናጣራ?

ጥያቄ፣ ከዉስተር ማሳቹሴትስ

ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ልጆቻችን በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በባለቤቴ በኩል ግን፣ የእናቱ ወገን በ1630ዎቹ ከእንግሊዝ የመጡ ናቸው ይባላል እንጂ ከቅድመ አያት በላይ የሚያውቅ የለም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ሐረግ ደግሞ ቀጥ ብሎ ንጉሥ ዘንድ ይደርሳል። ምኑን ልመን? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ንጉሡን ለጊዜው ተይው። ከባለቤትሽ እናት ተነሺና አንድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሂጂ። በየደረጃው «እከሌ የእከሌ ልጅ ነው» የሚያሰኝ፣ በዘመኑ የተጻፈ ወረቀት ሳትይዢ ወደሚቀጥለው አትለፊ።

የቅርቦቹ ትውልዶች አያስቸግሩም፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት፣ ከዚያም የሕዝብ ቆጠራ አለ። ቆጠራ ለ72 ዓመት ስለሚዘጋ ክፍት የሆነው የመጨረሻው የ1950ው ነው። የ1890ው በ1921 ቃጠሎ ምክንያት የለም ማለት ይቻላል። ከ1880 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ ተጽፏል። ከ1850 እስከ 1870 ስም አለ፣ ዝምድና የለም። ከ1850 በፊት የአባወራው ስም ብቻ ነው፤ የቀረው ቤተሰብ በዕድሜ ተመድቦ በቁጥር ተቀምጧል። ብዙ ሰው መንገድ የሚጠፋበት እዚህ፣ ከ1790 እስከ 1850 ባለው ላይ ነው።

መሻገሪያው ውርስና መሬት ነው። ሰውየው ሳይናዘዝ ቢሞት እንኳ ፍርድ ቤቱ ንብረቱን ሲያከፋፍል ወራሾቹን በስም ይዘረዝራል። ወንድምና እህት የአባታቸውን መሬት አብረው ሲሸጡ ያገቡት ሴቶች ከነባሎቻቸው ውሉ ላይ ይገባሉ። ባል መሬት ሲሸጥ ሚስት ድርሻዬን ለቅቄያለሁ ብላ ስለምትፈርም የእሷም ስም ከዚያ ይገኛል። የማን ልጅ እንደሆነች ለማወቅ ግን «ለልጄ ለሜሪ፣ ለእከሌ ሚስት» የሚል እስኪገኝ የአካባቢውን ሰዎች ኑዛዜ ማገላበጥ ነው። መዝገቦቹ የሚቀመጡት በየካውንቲው ሲሆን ብዙዎቹ ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ አሁን በእጅ የተጻፈውን ገጽ ውስጡን ቃል በቃል መፈለግም ይቻላል። የቤተሰቡ ስም እንደ ጸሐፊው ጆሮ ስለሚለዋወጥ የመንደር ወይም የጎረቤት ስም ጨምረሽ ፈልጊ። ደግነቱ ማሳቹሴትስ ነው፤ የብዙዎቹ ከተሞች የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እስከ 1850 ድረስ በየከተማው፣ በፊደል ተራ ታትሟል።

መልስ፣ ከቦስተን

ቀን ላይ ተጠንቀቂ። እንግሊዞች እስከ 1752 የሚቆጥሩት በጁልየስ አቆጣጠር ነበር፤ ዘመን መለወጫቸውም ማርች 25፣ የብሥራት ዕለት ነው። (የእኛ መጋቢት 29 ማለት ነው፤ በዓሉን ዛሬም እዚያው ላይ እናከብረዋለን።) ስለዚህ ታላቁ ኤፕሪል 5 ቀን 1640፣ ታናሹ ማርች 20 ቀን 1640 ክርስትና ተነሡ የሚል መዝገብ ብታገኚ ጸሐፊው አልተሳሳተም። ማርች 20 የዚያው ዓመት ማለቂያ ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር 1641። ፒዩሪታኖቹ (ኒው ኢንግላንድ የሰፈሩት አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች) ደግሞ የወራቱን ስም የጣዖት ነው ብለው ብዙ ጊዜ በቁጥር ይጽፋሉ፤ «10፣ 12ኛ ወር፣ 1641» ፌብሩዋሪ እንጂ ዲሴምበር አይደለም፣ አንደኛው ወር ማርች ስለሆነ። ስትገለብጪ እንዳለ ገልብጪ፤ ስሌቱን ከጎኑ 1641/2 ብለሽ ጻፊ።

የዝምድና ቃላትም ያሳስታሉ። በዚያ ዘመን «ካዝን» የወንድም ወይም የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ «ፋዘር ኢን ሎው» እንጀራ አባትም ነው። «ብራዘር» የእህት ባል ወይም የቤተ ክርስቲያን ወንድም ይሆናል፣ እኛም «ወንድሜ» እንደምንለው። «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» በአንድ ከተማ ያሉ ሞክሼዎችን በዕድሜ መለያ እንጂ የአባትና የልጅ ማስረጃ አይደሉም፤ ሲኒየሩ ሲሞት ጁኒየር የነበረው ሲኒየር ይባላል።

መልስ፣ ከለንደን

ዋናው ችግር ባሕሩን መሻገር ነው። የእንግሊዝ አጥቢያዎች መዝገብ መያዝ የጀመሩት በ1538 ነው፤ ከ1598 ወዲህ ለጳጳሱ የሚላክ ግልባጭም አለ። በስም የሚመሳሰል ጥምቀት ማግኘት ቀላል ስለሆነ ሰው እዚያው ያቆማል። ያ ሕፃን በልጅነቱ መቀበሩን፣ ወይም አድጎ እዚያው አግብቶ መቅረቱን ሳታዪ አትመኚው። የሚታመነው ለምሳሌ «በኒው ኢንግላንድ ላለው ልጄ» የሚል የእንግሊዝ ኑዛዜ ነው። እስከ 1858 ያሉት የካንተርበሪ ፍርድ ቤት ኑዛዜዎች እዚህ ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ።

ከዚያ በፊት ግን ቦስተን ያለው፣ በ1845 የተቋቋመው የኒው ኢንግላንድ የዘር ሐረግ ማኅበር ከ1620 እስከ 1635 ስለመጡት በየሰው ያጠናውን እዪ። የትውልድ ቦታው ካልተረጋገጠ «አይታወቅም» ብሎ ይተወዋል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሐረግ የእንግሊዝ መንደር ሰጥቶት እዚህ «አይታወቅም» ከተባለ፣ የትኛው እንደሚያሳምን ግልጽ ነው።

የንጉሡን ነገር ካነሣሽ፣ በትክክል የተረጋገጠላቸው ጥቂት ሰፋሪዎች አሉ። ነገር ግን ጉስታቭ አንዡ የሚባል ሰው ለሀብታም አሜሪካውያን የፈጠራ ሐረግ እየሠራ ሲሸጥ ኖሮ በ1942 ሞቷል፤ ሥራው እስከ ዛሬ እየተገለበጠ ነው። በየዋህነትም ይሳሳታሉ። በሜይፍላወር መርከብ የመጣው የጆን ሃውላንድ ሚስት ለረጅም ጊዜ የሰፈራው የፕሊመዝ ገዥ የነበረው የካርቨር ልጅ ናት ይባል ነበር። ከካርቨር በኋላ ገዥ የሆነው ብራድፎርድ ስለ ሰፈራው የጻፈው የእጅ ጽሑፍ በ1855 እንግሊዝ አገር ሲገኝ የጆን ቲሊ ልጅ ኤልዛቤት መሆኗ ታወቀ።

መልስ፣ ከሪችመንድ

ቨርጂኒያ ላይ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እዚህ የከተማ መዝገብ አትጠብቁ። ከ1618 ጀምሮ ለአንድ ሰው የመርከብ ዋጋ የከፈለ 50 ኤከር ይሰጠው ነበር፤ የመጡት ሰዎች ስም የመሬቱ ሰነድ ላይ አለ። የመሬቱ ጥያቄ ሰውየው ከመጣ ከዓመታት በኋላ ሊቀርብ፣ ያው ስምም ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ስለሚችል ቀኑን የመምጫ ቀን አታድርጉት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለደህንነት ተብሎ ወደ ሪችመንድ የተላኩ የካውንቲ መዝገቦች በ1865 ተቃጥለዋል፤ ለእነሱ አጎራባች ካውንቲውንና ከ1782 ጀምሮ ያለውን የግብር ዝርዝር እዩ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዲኤንኤስ አያሳጥረውም?

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ለዚህ ርቀት ብዙም አይረዳም። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ 1,024 ሰው ነው፤ ከብዙዎቹ አንድም ቅንጣት ላይወርሱ ይችላሉ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው፣ ዋይ የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ይጠቅም ነበር፤ ባለቤትሽ ግን ያንን ከአባቱ እንጂ ከእናቱ ወገን አልወረሰም። የሚመረመረው ያንን ስም በወንድ መስመር እስከ ዛሬ የያዘ ዘመድ ነው፤ ካለ የእናቱን ወንድም ወይም የወንድሟን ወንድ ልጅ ጠይቂ። አንዳንዱ የፋሚሊሰርች ምስል ቤት ሆነሽ አይከፈትልሽም፤ የካሜራ ምልክቱ ላይ ቁልፍ ካየሽ የእነሱ ማዕከል ወይም ከእነሱ ጋር የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ነው።