ስታምፒ ወገኖቹን ለምን መታ? ለልጄ ጥያቄ መልስ አጣሁ

የሊያ እናት፣ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስምንት ዓመት ልጄ «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለውን የካርቱን ተከታታይ ከአባቷ ጋር ማየት ጀምራለች። ሰሞኑን ያዩት እ.ኤ.አ. በ1994 የተላለፈውን የዝሆኑን ክፍል ነው፤ ምዕራፍ 5፣ ክፍል 17። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ባርት በሬዲዮ ውድድር ያሸንፍና 10,000 ዶላር ወይም ዝሆን እንዲመርጥ ይጠየቃል። አዘጋጆቹ ዝሆን ያሉት ማንም አይመርጠውም ብለው ነው። ልጁ ግን ከዝሆኑ ሌላ አልቀበልም ይላል። ስታምፒ የሚባል የአፍሪካ ዝሆን መጥቶ ግቢያቸው ውስጥ ይታሰራል፤ ቀለቡ ቤቱን ያራቁተዋል። አባትየው ሆመር ለዝሆን ጥርስ ነጋዴ ሊሸጠው ሲስማማ ባርት ዝሆኑን ይዞ ይጠፋል። በመጨረሻ ሆመር ሬንጅ ውስጥ ሲሰምጥ ስታምፒ ጎትቶ ያወጣዋል።

ሊያ እስከዚህ ደስ ብሏት ነበር። ዝሆኑ የእንስሳት መጠለያ ገብቶ ሌሎቹን ዝሆኖች በግንባሩ ሲገጭ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «ሰውየውን ያዳነ ደግ ዝሆን ጓደኞቹን ለምን ይመታል?» አለችኝ። በፊልሙ የመጠለያው ሰው ያለው፣ እንስሳትም እንደ ሰው ናቸው፤ አንዳንዱ ተበድሎ ይከፋል፣ አንዳንዱ ግን ተፈጥሮው ክፉ ነው የሚል ነው። ይህን ለልጅ መድገም አልፈለግሁም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?

ሰሎሜ፦
እህቴ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ነጋዴው ነው። ጫማው፣ ባርኔጣው፣ ቼኩ ሳይቀር የዝሆን ጥርስ ነው። የባርት እህት ሊሳ ይህን ለአባቷ ስትነግረው፣ ጥርስ የተትረፈረፈው ሰው ጥርስ ካጠረው ሰው ይልቅ ዝሆኑን ለመጉዳት አይቸኩልም ብሎ ይመልስላታል። ልጆቼ ሲስቁ ፊልሙን አቁሜ፣ ጥርሱ የሚገኘው ዝሆኑ ተገድሎ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንቺም እዚያ ቦታ ላይ አቁሚው።

የባቢሌው፦
የሊያ እናት፣ ጤና ይስጥልኝ። ያደግሁት ባቢሌ አካባቢ፣ ከዝሆኖች መጠለያው አጠገብ ነው። እዚያ ዝሆን ቁልቋሉን ከነእሾሁ በኩምቢው እየገነጠለ ሲበላ ማየት ብርቅ አይደለም። ማሽላው ሲደርስ ደግሞ ገበሬው እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ያድራል። እንስሳውን እንወደዋለን፣ እንፈራዋለንም። ስለዚህ ፊልሙ ስታምፒን የሰው ውለታ ቆጣሪ አለማድረጉን ወድጄዋለሁ። ሰውን ጎትቶ ማውጣቱ የቤት እንስሳ አያደርገውም።

የመጠለያው ሰው አባባል ግን አይዋጥልኝም። ዝሆን የሚያድገው በአንጋፋዋ እናት በሚመራ መንጋ ውስጥ ነው። ግልገሉ ከእናቱ፣ ከአክስቶቹና ከታላላቅ እህቶቹ ጋር ይቆያል፤ ወንዱ ከ12 እስከ 15 ዓመት ሲሆነው ከመንጋው ይወጣና ቀሪውን ሥርዓት ከጎልማሳ ወንዶች ይማራል። ይህ ሲጓደል ምን እንደሚመጣ በደቡብ አፍሪካ፣ ፒላንስበርግ ታይቷል። ከክሩገር ፓርክ ወላጆቻቸው የተገደሉባቸው ግልገሎች ወደዚያ ተወስደው ያለ አዋቂ አደጉ፤ በ1990ዎቹ ከ40 በላይ አውራሪሶች ገደሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ስድስት ትልልቅ ወንድ ዝሆኖች ከክሩገር ሲመጡላቸው ወጣቶቹ ረገቡ፣ ግድያውም ቆመ። ያረገባቸው ቅጣት አይደለም፤ ታላቅ ማግኘታቸው ነው።

እንግዲህ ስታምፒን ያስቡት። በቀን 150 ኪሎ ግራም ያህል የሚበላ፣ መቶ ሊትርና ከዚያ በላይ የሚጠጣ፣ ለመመገብ ብቻ ረጅም መንገድ የሚሄድ ፍጥረት ነው። የሰው ጓሮ ውስጥ ብቻውን ታስሮ፣ ገንዘብ በከፈለ ሁሉ ሲጋለብ ነው የሰነበተው። ለሊያ «ክፉ አይደለም፤ ከዝሆን ጋር መኖርን የሚያስተምረው ስላላገኘ ነው» ይበሏት። ልጅ ይህን ይረዳል።

የሊያ እናት፣ ቨርጂኒያ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የፒላንስበርጉን ታሪክ ነገርኳት፤ አውራሪሶቹ አሳዘኗት፣ ግን ገባት። አሁን የያዘችው ነጋዴውን ነው፤ «ዛሬም መጥቶ መግዛት ይችላል?» ትላለች።

የባቢሌው፦
አይችልም ይበሏት። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ፊልሙ ሲሠራ እገዳው ነበረ። አሜሪካም በ2016 የአገር ውስጡን ንግድ ከጥቂት ነገሮች በቀር ከልክላለች። በድብቅ የሚነግዱ ግን ዛሬም አሉ፤ ይህንንም አይደብቋት። እኛም አገር መጋቢት 2007 ዓ.ም. ከስድስት ቶን በላይ የተከማቸ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ በእሳት ተቃጥሏል። ፎቶግራፎቹ ይገኛሉ፤ ከአባቷ ጋር ሆነው ያሳዩአት።