መኪናዬን ከራሴ ቆጣሪ ቻርጅ እንዳላደርግ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ከለከለኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ የገጠመው ሰው ካለ እባካችሁ ይምከረኝ። የምኖረው ልደታ አካባቢ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። የነዳጅ ሰልፍ ሰልችቶኝ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። መጀመሪያ ሰሞን ገመድ በመስኮት አውርጄ ሌሊት እሰካ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስወርድ ጎረቤቴ የልጆቿን ልብስ አስጥታበታለች! ደነገጥኩና ተውኩት።

አሁን ኮሚቴውን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከራሴ ቆጣሪ፣ የራሱ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ) እና ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ያለው መስመር በቱቦ እስከ ፓርኪንጉ ላውርድ። በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ የእንጀራ ምጣድ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ሊቀመንበሩ ግን «ሕንፃውን ልታነድብን ነው?» አሉኝና የሁሉንም ባለቤት ፊርማ አምጣ አሉ። ግማሹ ቤት ተከራይ ነው፣ ባለቤቶቹ ውጭ አገር። ከየት ላምጣ?

ግድግዳውና ፓርኪንጉ የጋራ መሆኑ ይገባኛል። በኮንዶሚኒየም አዋጁ፣ በቁጥር 370/1995 መሠረት የባለቤቶች ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ አይበቃም ወይ? ከማመልከቻው ጋር የኤሌክትሪሻን ንድፍ ላያይዝ? የተፈቀደለት ሰው እንዴት እንደጻፈ ቢያሳየኝ ትልቅ ውለታ ነው። ለጊዜው ገርጂ እህቴ ግቢ እየሄድኩ ነው የምሰካው፤ እሷም ፊቷ መለወጥ ጀምሯል።