የካሜራ ሴንሰር በዩኤስቢ የሚያገናኝልኝ ባለሙያ ድሬ ላይ ይገኛል?

የሰቢያኑ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነው ያለሁት። ቤተሰቦቼ የሐረርጌ ቡና ይነግዳሉ፤ መጋዘናችን ውስጥ ለቀማው እስካሁን በእጅ ነው። ለቃሚዎቹ ሴቶች ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ተባይ የበሳውን ፍሬ አንድ በአንድ ያወጣሉ። ከሰዓት ላይ ዓይናቸውን ሲያሹ ሳይ ያሳዝነኛል። ጥሩውን ፍሬ ካሜራ ለይቶ ቢያሳልፍላቸው፣ የሚያጠራጥረው ብቻ ለእነሱ ቢቀርብ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ፕሮግራሙን በፓይተን እጽፋለሁ። ኤሌክትሮኒክስ ግን አልተማርኩም። ዘመድ ከዱባይ ኦቪ5640 የሚባል ባዶ የካሜራ ሴንሰር አምጥቶልኛል። ጥፍር የምታክል ናት፤ 24 እግር ያለው ስስ ሪባን ተያይዞባታል። ፍሬው ከ30 ሳንቲሜትር ከፍታ ሲወድቅ አንስታ ምስሉን በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፕ እንድትልክልኝ እፈልጋለሁ። አንድ የሞባይል ጥገና ቤት «ሪባኑን ከዩኤስቢ ገመድ ጋር እንበይድልህ» ብሎኛል። ያስኬዳል? ካላስኬደ ምን ዓይነት ባለሙያ ልፈልግ? ድሬ ወይም ሐረር ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ገንደ ቆሬ፦

አቦ፣ እንዳታስነካት! ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ ነው ያለው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለዳታ። ኃይሉ 5 ቮልት ነው። ያቺ ሴንሰር ደግሞ የምትሠራው በ2.8 እና በ1.5 ቮልት ነው። 5 ቮልት ከነካት አለቀላት። ደግሞ 24 እግር ከአራት ሽቦ ጋር በምን ይገናኛል?

መሐንዲስ ከሐረር፦

ገንደ ቆሬ ልክ ነው። ባለሙያ ስታነጋግር እንዲጠቅምህ ነገሩን ላብራራው።

ሴንሰሯ ዩኤስቢ አታውቅም። ምስሉን የምታወጣው ወይ ጎን ለጎን በሚሄዱ ስምንት ወይም አሥር የዳታ ሽቦዎች፣ ወይ ኤምአይፒአይ በሚባለው ፈጣን መስመር ነው። ክሎክ፣ ማለትም ሥራዋን የሚያስኬድ የማያቋርጥ ምት፣ ከውጭ ይሰጣታል፤ ብዙ ጊዜ 24 ሜጋኸርዝ ነው። ከዚያ በሁለት ሌሎች ሽቦዎች የምስሉ መጠን፣ ብርሃኑና ፍጥነቱ ይታዘዝላታል። ትእዛዞቹ ሬጂስተር በሚባሉ ቦታዎች ላይ ነው የሚጻፉት፤ በመቶዎች ይቆጠራሉ። አንዱ ከተሳሳተ ቀለሙ ይበላሻል፣ ወይም ምስሉ ጭራሽ አይመጣም።

ስለዚህ መሃል ላይ ይህን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ቺፕ የግድ ነው። የታወቀው ኤፍኤክስ3 ነው። የሳይፕረስ ምርት ነበር፤ ኩባንያውን ኢንፊኒዮን በ2020 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል። ለኤምአይፒአይ ሴንሰር ደግሞ ሲኤክስ3 የሚባለው አለ። ለካሜራ የሚሆን ናሙና ኮድ ከኩባንያው ስለሚገኝ ባለሙያህ ከዜሮ አይጀምርም።

የዳታውንም ስሌት እይ። 1280 በ720 ምስል፣ ለአንድ ፒክሰል 2 ባይት፣ በሰከንድ 30 ምስል ብትል በሰከንድ 55 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ዩኤስቢ 2.0 ወረቀት ላይ 60 ነው፤ በተግባር ግን ከ40 ብዙም አያልፍም። ወይ ምስሉ ይጨመቃል፣ ወይ ዩኤስቢ 3.0 ይገባል።

የምትፈልገው ኤምቤድድ ሲስተም፣ ማለትም በዕቃ ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን፣ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ሰርኪት ቦርድ ነድፎ፣ ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ የሚጫነውን ፕሮግራም) ጽፎ እንደሚያውቅ ጠይቀው። ዩቪሲ የሚለውንም ሳትነግረው ካነሳ ሰውህን አገኘህ። ዩቪሲ ማለት ካሜራው ሲሰካ ላፕቶፑ ያለ ልዩ ድራይቨር እንዲያውቀው የሚያደርግ ስታንዳርድ ነው።

የከዚራዋ፦

ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ቦርድ ከማሠራትህ በፊት፣ ሴንሰሯ ራሷ ለዚህ ሥራ አትሆንህም።

ኦቪ5640 ሮሊንግ ሸተር ናት። ምስሉን በአንዴ አታነሳውም፤ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የምታነበው። ከ30 ሳንቲሜትር የወደቀ ፍሬ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.4 ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ምስል አንብባ ለመጨረስ 1/30 ሰከንድ ቢፈጅባት፣ ፍሬው በዚያች ቅጽበት 8 ሳንቲሜትር ወርዷል። የሚመጣልህ የተጣመመ ቡና ነው። የተሰበረውን ከደህናው በምን ትለየዋለህ?

ግሎባል ሸተር ያላት፣ ማለትም ምስሉን ሙሉውን በአንዴ የምታነሳ፣ ውሰድ። ኦቪ9281 ጥቁርና ነጭ ናት፤ ኦቪ9782 ባለ ቀለም ናት። ሁለቱም 1280 በ800 ናቸው። ዩኤስቢው ተሠርቶላቸው በሞጁል መልክ ስለሚሸጡ ቦርድ ማስነደፍ ላያስፈልግህ ይችላል። እኔ ብሆን ገንዘቤን እዚያ ላይ ነው የማውለው።

ገንደ ቆሬ፦

ልክ ብላለች። ሰው ማግኘቱ ካስፈለገህ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ክፍል ሂድ። ሐሮማያም አለ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎች አይጠፉም፤ መምህሩን ግን አስቀድመህ አነጋግር፤ ተማሪው ሲመረቅ ሥራው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። ክፍያውን በየደረጃው አድርገው፦ መጀመሪያ ምስል ላፕቶፑ ላይ ሲታይ፣ ቀጥሎ ከፍሬው ጋር ሲሞከር። ኮዱ ለአንተ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ተዋዋሉ።

የሰቢያኑ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ባለ ቀለሟን ልውሰድ ወይስ ጥቁርና ነጯን? ጋሼ፣ በእጄ ያለችውንስ ምን ላድርጋት?

የከዚራዋ፦

ባለ ቀለሟን። የሐረርጌ ቡና በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ያደላል። ጥቁሩን ፍሬ ለማውጣት ጥቁርና ነጭም ይበቃ ነበር፤ የገረጣውንና የሻገተውን የሚያሳይህ ግን ቀለሙ ነው።

ከካሜራው እኩል ለመብራቱ አስብ። ሸተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው በር፣ ለ1 ሚሊሰከንድ ክፍት ቢሆን ፍሬው 2.4 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉ ይደበዝዛል። ወደ 0.1 ሚሊሰከንድ ስታወርደው ጥርት ይላል፤ ግን ብርሃኑ በአሥር እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠንካራ ኤልኢዲ ከሁለት ጎን ያስፈልግሃል። የመጋዘኑን በር ብርሃን አትመነው፤ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም። ካሜራውንና ፍሬው የሚወድቅበትን ቦታ በሳጥን ሸፍነው፤ አቧራውንም ይከላከልልሃል።

መሐንዲስ ከሐረር፦

ያለችህን ሴንሰር አስቀምጣት። የቆመ ነገር ለማንሳት ጥሩ ናት፤ ለሌላ ሥራ ትሆንሃለች። ሞጁሉ እስኪመጣ ፕሮግራምህን በስልክህ ካሜራ ጀምረው። ነጭ ትሪ ላይ ፍሬዎቹን ዘርግተህ አንሳ፤ ጥሩውንና ጉድለት ያለበትን ለቃሚዎቹ ይለዩልህ። ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሠሩበትንም ሰዓት ክፈላቸው። ሞጁሉን ስታዝ ዩቪሲ መሆኑን፣ ሌንሱ ስንት ሳንቲሜትር ላይ እንደሚያጠራና ሸተሩን በእጅ መወሰን መቻሉን ሻጩን ጠይቅ። ሸተሩን ራሱ ብቻ የሚወስን ከሆነ አትግዛው። ገመዱንም ከ5 ሜትር አታስረዝመው።