ትራክ ላይ ወድቄ ክላቪክሌና ጎድኔ ተሰብሯል፤ ማገገሙን እንዴት ልያዘው? መቼስ ልመለስ?

ኩርባ ወዳጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። ባለፈው ሳምንት በሞተር መወዳደሪያ ትራክ ላይ ስነዳ ወድቄ አሁን ቤት ተኝቻለሁ። ከቀኝ ኩርባ እየወጣሁ ጋዝ ስሰጥ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ፤ ድንገት መልሶ አስፋልቱን ሲይዝ ከኮርቻው አሽቀንጥሮ ወደ ግራ ወረወረኝ። ያረፍኩት በግራ ትከሻዬና በጎኔ ነው። ቀኝ እጄንም ዘርግቼ ነበር።

ሐኪም ቤት የተነገረኝ እንዲህ ነው። የግራ ክላቪክሌ፣ ማለትም ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት፣ መሃሉ ላይ ተሰብሯል። በግራ በኩል ከታች ካሉት ጎድኖቼ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። የጭንቅላት ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው፤ ግን የወደቅኩበትን ዙር ጨርሶ አላስታውሰውም፣ እስካሁንም ጭንቅላቴ ይከብደኛል። ቀኝ የእጅ አንጓዬ አብጦ ነበር፤ ራጁ ምንም አያሳይም ተብሎ በፋሻ ብቻ ታሰረልኝ። ለክላቪክሉ ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልግም ብለው በማንጠልጠያ ሸኝተውኛል።

ጥያቄዎቼ፦ እንዴት ልተኛ? ጋደም ባልኩ ቁጥር ጎኔ እንደ ጩቤ ይወጋኛል። እጄን ማንቀሳቀስ መቼ ልጀምር? ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አስቀድሜ የተመዘገብኩበት፣ ትራክ ላይ የምነዳበት ቀን አለ፤ ይደርስልኛል?

የአጥንት ፊዚዮ፦

እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ከሞተር የወደቁ ብዙ ሰዎችን አግዣለሁ። ከክላቪክልህ በፊት ያሳሰበኝ አንጓህ ነው።

የቀኝ አውራ ጣትህን ወደ ላይ ቀስረህ ሥሩን ተመልከት። ሁለት ጅማቶች ወጣ ይላሉ፤ በመሃላቸው ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ጫን ሲሉት የሚያምህ ከሆነ ስካፎይድ የሚባለው ትንሽ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። የተዘረጋ እጅ ላይ በመውደቅ ብዙ ጊዜ ከሚሰበሩት አንዱ እሱ ነው፤ ክፋቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ሳይታይ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ቦታው ካመመ፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም፣ አጥንቱ እንደተሰበረ ተቆጥሮ አንጓው በደንብ ይታሰራል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ራጁ ይደገማል። ኤምአርአይ ከተገኘ ደግሞ ያን ያህል መጠበቅም አያስፈልግም።

ይህን ያህል የምጨነቅለት በደም ሥሩ ምክንያት ነው። ለስካፎይድ አብዛኛው ደም የሚገባው በጣቶቹ በኩል ካለው ጫፍ ሲሆን ወደ ክንድ የሚመጣው ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። መሃሉ ላይ ሲሰበር ወደ ክንድ የሚቀርበው ቁራጭ ደም ሊያጣ ይችላል። በጊዜው ካልታሰረ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል፤ አልፎም አጥንቱ ሊሞት፣ ከዓመታት በኋላም አንጓው በአርትራይተስ ሊደርቅ ይችላል። ቀኝ አንጓ ለሞተረኛ ጋዙም የፊት ፍሬኑም ነው። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትል ተመልሰህ አሳየው።

ሌላው የተሰበሩት ጎድኖችህ በግራ ከታች መሆናቸው ነው። ከሥራቸው ያለው ጣፊያ ነው። ጣፊያ በምት ከተጎዳ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ ሊደማ ይችላል። የሆድ ሕመም፣ ራስ ማዞር፣ ላብ ላብ ማለት፣ የቆዳ መገርጣት ካየህ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የጣፊያ መድማት በግራ ትከሻ ጫፍ ላይም ሕመም ያመጣል፤ አንተ ደግሞ በዚያው በኩል ስብራት ስላለህ «የክላቪክሉ ነው» ብለህ እንዳታልፈው እፈራለሁ። ትንፋሽ ድንገት ማጠር ከመጣም እንዲሁ ነው፤ የተሰነጠቀ ጎድን ሳንባን ወግቶ አየር ሊያፈስ ይችላል።

ሰማያዊ ጃኬት፦

አይዞህ ወንድሜ። እኔም በትራክ ወድቄ ክላቪክሌና ጎድኖቼ ተሰብረው ነበር፤ እኔ ግን ብረት ገብቶልኛል። ስለ አተኛኘቱ ልንገርህ።

ጠፍጣፋ አትተኛ። ከወገብህ በላይ በትራስ ተደግፈህ፣ ግማሽ ተቀምጠህ ግማሽ ጋደም ብለህ እደር። ጎንና ጀርባው የሚደግፍ ወንበር ካለህ ከአልጋው ይሻልሃል። ከግራ ክርንህ ሥር ትንሽ ትራስ አስገባ፤ ክርኑ ወደ ኋላ ከወደቀ የተሰበረው ቦታ ይጎተታል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስህም እሱ ነው። ስትነሣ በሆድህ ኃይል ቀና ለማለት አትሞክር። እግሮችህን ከአልጋው አውርደህ ሰው ከጀርባህ ይደግፍህ፤ ቀኝ እጅህንም ገና እንዳትመረኮዝበት።

ሸሚዝ ስትለብስ የተጎዳውን እጅ ቀድመህ አስገባ፣ ስታወልቅ እሱን መጨረሻ አውጣ። ከፊት የሚቆለፍ ልብስ ብቻ ልበስ።

ጎድንን በተመለከተ፣ ደረትህን በፋሻ ጥብቅ አድርገህ እሰር የሚልህ ሰው ይኖራል። እንዳትታሰር። ሕመሙ ቀነሰ ብለህ ትንፋሽህን ስታሳጥር የሳንባህ ታች አየር አያገኝም፤ አክታ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ይከተላል። ሐኪሜ ያዘዘኝ ተቃራኒውን ነበር፦ ነቅቼ ባለሁበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል ጥልቅ ትንፋሽ መውሰድ፣ ሳልም ሲመጣ ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ ማሳል። የሕመም ማስታገሻው የታዘዘልህ ለዚህም ነው። «እችለዋለሁ» ብለህ ብትተወው የምትጎዳው ሳንባህን ነው። ከበድ ያሉት ማስታገሻዎች ግን ሆድ ያደርቃሉ፤ ጎድን ተሰብሮ ማማጥ ስቃይ ነውና ውኃና አሰር ያለው ምግብ አብዛ፣ የሚያለሰልስ መድኃኒትም ሐኪምህን ጠይቅ።

ጋዝ እስከ ጥግ፦

እግዜር ይማርህ! ስድስት ሳምንት ብዙ ነው ወንድሜ፣ ተስፋ አትቁረጥ። የሞቶጂፒ (የዓለም የሞተር ውድድር) ተወዳዳሪው ሆርሄ ሎሬንዞ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የኔዘርላንድሱ አሰን ትራክ ላይ ሐሙስ ዕለት ክላቪክሉ ተሰብሮ፣ ባርሴሎና በሮ ብረት አስገብቶ፣ ቅዳሜ ተወዳድሮ 5ኛ ወጥቷል። ሰውነት ከምናስበው በላይ ይችላል።

ነባሩ፦

ጋዝ፣ ልጁን ለማበርታት ብለህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገረው። ሎሬንዞ ከአሰን ሁለት ሳምንት በኋላ የጀርመኑ ሳክሰንሪንግ ትራክ ላይ እንደገና ወድቆ የገባለት ብረት ተጣመመ። ዳግም ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የዚያ ሳምንት ውድድር አመለጠው፤ በዓመቱ መጨረሻም የዓለም ዋንጫውን በ4 ነጥብ ልዩነት አጣ።

ዋንጫውን የወሰደበት ማርክ ማርኬዝ ራሱ ምን እንደገጠመው እናውቃለን። በፈረንጅ አቆጣጠር ሐምሌ 2020 የስፔኑ ሄሬዝ ትራክ ላይ የቀኝ የላይኛው ክንዱ አጥንት ተሰበረ። ብረት በገባለት ሳምንት ሞተር ላይ ወጣ፣ አልሆነለትምና አቆመ። ወዲያው ብረቱ ተሰብሮ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አጥንቱ አልገጥም ብሎ ሦስተኛ፤ ያኔም ስብራቱ ውስጥ ኢንፌክሽን ተገኘ። በ2022 አጥንቱ ተጣሞ በመግጠሙ አራተኛ። ቀጣዩን የዓለም ዋንጫ ያነሣው በ2025 ነው። እነዚህ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ የሚባሉ ሐኪሞች በዙሪያቸው ነበሩ።

ደግሞም ሎሬንዞ ብረት ገብቶለታል፤ ጠያቂው ግን ያለ ብረት በራሱ እንዲገጥም የተተወ አጥንት ነው ያለው። ሁለቱ አይወዳደሩም። ሞተር ላይ ስትሆን ከረጅም ቀጥታ መጨረሻ ፍሬን ስትይዝ ሰውነትህ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያንን ክብደት ከመሪው ተቀብሎ በክንድ በኩል ወደ ደረት የሚያስተላልፈው ይኸው ክላቪክል ነው። ያልጠና አጥንት ሲያቅተው የምታውቀው ኩርባው ላይ ከደረስክ በኋላ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦

ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ ጭንቅላቱ ማንም አላነሣም።

ሲቲ ስካን የሚያሳየው ደም መፍሰስና ስብራትን ነው፤ የአንጎል መናወጥን አያሳይም። ዙሩን አለማስታወስህና የጭንቅላትህ መክበድ መናወጡ እንደነበረ ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹን 24 እስከ 48 ሰዓታት ረጋ ማለት፣ ስልክና ስክሪን መቀነስ ይበቃል፤ ያ ጊዜ አልፎልሃል። አሁን ጨለማ ክፍል ውስጥ መተኛት አያስፈልግህም። ጎድንህ እስከፈቀደልህ ድረስ ቀለል ያለ እርምጃ አድርግ፤ ሕመሙ ብዙ ከጨመረ ቀንስ። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል። እስከዚያ አልኮል አትጠጣ፣ መኪናም ቢሆን አትንዳ፤ ቀልጥፎ የመወሰን አቅም የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ምት ካገኘው ጉዳቱ ከመጀመሪያው እጅግ ሊከፋ ይችላል።

ቤተሰብህ እነዚህን ይወቁልህ፦ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ግራ መጋባት፣ ለመንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ። ከነዚህ አንዱ ከታየ፣ ሳምንታት ቢያልፉም፣ ወደ ሐኪም ቤት። ባትህ ቢያብጥና ቢያምህም ቸል አትበል፤ ለብዙ ቀን የተኛ ሰው ደም ሊረጋበት ይችላል።

ኩርባ ወዳጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። እህቴ ፊዚዮ፣ ያልሽው ቦታ ላይ ስጫነው በጣም አመመኝ። ዛሬ ተመልሼ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሣሁ፤ ስካፎይዱ ተሰንጥቋል፣ ደግነቱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ጄሶ ተደርጎልኛል። አሁን ግራው በማንጠልጠያ፣ ቀኙ በጄሶ ነው፤ ባለቤቴ ባትኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። የስድስት ሳምንቱን ምዝገባ ሰርዣለሁ። ለግራ እጄ ግን ምን ላድርግ? ጋሽ ነባሩ፣ ለመመለስ ዝግጁ መሆኔን በምን እንደማውቅ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የአጥንት ፊዚዮ፦

በጊዜው ተገኘ፣ ተመስገን። ያልተንቀሳቀሰ ስካፎይድ በጄሶ ብዙውን ጊዜ በደንብ ይገጥማል፤ ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ጄሶውን በራስህ ግምት አታስወልቅ።

ለግራው ከዛሬ ጀምሮ ጣቶችህን፣ አንጓህንና ክርንህን በቀን ብዙ ጊዜ አንቀሳቅስ። ክርን በማንጠልጠያ ታጥፎ ከከረመ ይደርቃል። ሐኪምህ ሲፈቅድ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ወገብህን አጎንብሰህ እጅህን ወደ ታች ለቀህ በክብደቱ ብቻ ወዲያ ወዲህ እንዲወዛወዝ ታደርጋለህ። ከትከሻ በላይ ማንሣት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ይቆይ፤ ዕቃ ማንሣት ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። ስብራቱ ላይ አታሳሽ።

በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው የክላቪክሉን ራጅ ማስደገም አትርሳ። ጫፎቹ ከተራራቁ ወይም አጥንቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ካጠረ ቀዶ ጥገናው እንደገና ይታሰባል። የአጥንቱ ጫፍ ቆዳህን ከውስጥ ወጥሮ ካነጣው ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሂድ። የምታጨስ ከሆንክ ደግሞ አሁኑኑ ተው፤ ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ስካፎይድ ደግሞ ከበፊቱም ደም ያነሰው አጥንት ነው። ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አይጓደሉብህ።

ነባሩ፦

ምዝገባውን መሰረዝህ ደስ ብሎኛል ልጄ። የቀን ቁጥር አልሰጥህም። መጀመሪያ ራጁ አጥንቶቹ መግጠማቸውን ያሳይ፣ ሐኪምህም በቃሉ ይፍቀድልህ፤ ለክላቪክል ብቻ እንኳ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይሄዳል። ቀጥሎ ያለ ሕመም ፑሽ አፕ መሥራት መቻል አለብህ። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጥበት፤ ክላቹንና የፊት ፍሬኑን ደጋግመህ እስከ መጨረሻ ጨብጥ፣ ጋዙን ጠምዝዝ፣ ወደ ግራና ቀኝ ከኮርቻው ወርደህ ተንጠልጠል። አንጓህ በማግስቱ ካበጠ ገና ነህ ማለት ነው።

ፍርሃቱም ይመጣል። እንቅልፍ የሚነሣህ ወይም ውድቀቱ በዓይንህ እየተመላለሰ ከወር በላይ የሚቆይ ከሆነ ለባለሙያ ንገር፤ እሱም እንደ አጥንቱ ሕክምና አለው። ስትመለስ በቀስታው ቡድን ግባ፣ የወደቅክበትን ኩርባ አሰልጣኝ እየመራህ እለፈው፣ ሳይደክምህም ውጣ።

ያ ሄልሜት ከእንግዲህ አይደረግም። ከውስጥ ያለው ፎም ምት የሚችለው አንዴ ተጨፍልቆ ነው፤ ከላይ ጭረት ባይኖረው እንኳ ሥራውን ጨርሷል። ለማንም እንዳትሰጠው፣ ማሰሪያውን ቆርጠህ ጣለው። የቆዳ ልብስህንም ስፌቱን አስመርምር። የምትገዛው ጓንት መዳፉ ላይ ተንሸራታች ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ይሁን፤ እጅህ አስፋልቱ ላይ ከመተከል ይንሸራተታል። ገንዘብ ካለህ ኤርባግ (ስትወድቅ በአየር የሚነፋ ከረጢት) ያለው ልብስ ግዛ፤ ትከሻና ደረትን የሚከላከል ነውና ሞቶጂፒ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ ለተወዳዳሪዎቹ ግዴታ አድርጎታል። ከሞተሩ በፊት ለዚህ ወጪ አድርግ።

ሰማያዊ ጃኬት፦

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁለት እጅህ ታስሮ ሳለ ባለቤትህ ብቻዋን አትልፋ። እርዳታ የሚያቀርብ ወዳጅ ሲመጣ «አያስፈልግም» አትበል፤ ገላህን መታጠብ፣ ምግብ፣ የሐኪም ቀጠሮ ተከፋፈሉት። ለመታጠቢያው ጄሶውን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ወንበር ላይ ቁጭ በል፤ ጭንቅላትህ ገና ስለሚከብድህ ቆመህ አትታጠብ።